ባሕር ሲሸሽ እና ሐይቅ ሲሸሽ፦ የሱናሚ ምልክቶች ለሐዋሳ ነዋሪ ምን ይነግሩታል?

ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በሩሲያ የሩቅ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከካምቻትካ ልሳነ ምድር አጠገብ፣ በመጠን 8.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ወዲያው ከጃፓን እስከ ሃዋይ፣ አልፎም እስከ ደቡብ አሜሪካ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ተላለፈ። በጃፓን ብቻ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከባሕር ዳርቻ እንዲርቅ ተነገረው። በአብዛኛው ቦታ የመጣው ሞገድ ግን ከተፈራው እጅግ ያነሰ ሆነ።

ዜናው ወደ እኛ ሲደርስ ጆሯችን ቀድሞ ቆሞ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ምድር ስትናወጥ ከርማለች። የካቲት 7 ቀን ከተሰማው ንዝረት በኋላ መጠኑ 6.0 አካባቢ መድረሱ ተነገረ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአፋርና የኦሮሚያ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀቁ፤ አዳማና አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያደረ ሰው አልጋው ሲወዛወዝ ነቅቷል። እንዲህ ከከረመ ሕዝብ መካከል፣ በተለይ ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጥቶ ነፋስ በሚቀበለው የሐዋሳ ነዋሪ ዘንድ፣ «ባሕሩ እንዲህ ካደረገ ሐይቃችንስ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ የሚያስገርም አይደለም። ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ መልሱም «አይመለከተንም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ችግሩ አንድ ዓይነት የሚመስለው ምልክት በውቅያኖስ ዳርና በስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር የሚጠይቀው ምላሽ የተለያየ፣ አንዳንዴም ተቃራኒ መሆኑ ነው።

ከማዕበል የሚለየው ምንድን ነው?

ሱናሚ ከጃፓንኛ የመጣ ቃል ነው፤ «የወደብ ሞገድ» ማለት ነው። ጥልቅ ባሕር ላይ ሲያጠምዱ የዋሉ ሰዎች ምንም ሳይሰማቸው ወደ ወደባቸው ሲመለሱ መንደራቸው ጠፍቶ ከሚያገኙበት ሁኔታ ጋር ስሙ ይስማማል። በአማርኛ ማዕበል ስንል ባብዛኛው ነፋስ ያስነሳውን ውሃ ማለታችን ነው። ነፋስ የሚያንቀሳቅሰው የባሕሩን የላይኛውን ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ሱናሚ የሚያንቀሳቅሰው ከወለሉ እስከ ገጹ ያለውን ውሃ በሙሉ ነው። ልዩነቱ የቁመት ከመሰለን እንሳሳታለን። ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው የነፋስ ሞገድ ዳርቻውን መትቶ በሰከንዶች ውስጥ ይመለሳል፤ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ሱናሚ ግን ለብዙ ደቂቃዎች ሳያቋርጥ ወደ ምድር የሚፈስ ወንዝ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን እንደሚመዝን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጉልበት የማይደርስ ውሃ በዚህ ፍጥነት ሲመጣ ጎልማሳ ሰው ይጥላል።

አብዛኞቹ ታላላቅ ሱናሚዎች የሚነሱት የምድር ቅርፊት ከተሠራባቸው ግዙፍ ንጣፎች አንዱ ከሌላው ሥር በሚገባባቸው የውቅያኖስ ወለሎች ነው። ለዘመናት ተጣብቆ የቆየው ጠርዝ ድንገት ሲላቀቅ ወለሉ ይነሳል ወይም ይሰምጣል፤ በላዩ ያለው ውሃም አብሮ። ከዚያ በኋላ የሞገዱን ፍጥነት የሚወስነው የውሃው ጥልቀት ነው። አራት ሺህ ሜትር በሚጠልቅ ውቅያኖስ ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል፤ ቁመቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር ስለማይሞላ መርከብ አይሰማውም። ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ፍጥነቱ ይቀንስና የኋለኛው ውሃ በፊተኛው ላይ እየተደራረበ ቁመት ያወጣል።

የመጠን ቁጥሮችም ብዙ ጊዜ ያደናግራሉ። የዜና ሰዎቻችን ዛሬም «በሬክተር ስኬል» ማለት ይወዳሉ፤ ለትላልቆቹ ርዕደ መሬቶች የሚሠራበት መለኪያ ከተቀየረ ቆይቷል። ቁም ነገሩ ግን ቁጥሩ የሚያድግበት መንገድ ነው፤ በአንድ ከፍ ሲል የሚለቀቀው ኃይል ወደ 32 ጊዜ ይባዛል። በዚህ ስሌት የካምቻትካው ከፈንታሌው ከ15 ሺህ እጥፍ በላይ ኃይል ነበረው። በዜና ላይ ሁለቱ ተርታ ለተርታ ሲነበቡ ግን ወንድማማች ይመስላሉ።

ባሕሩ ሲናገር

ከባሕር ዳር ላለ ሰው የመጀመሪያው ምልክት እግሩ ሥር ነው። መሬቱ ቆሞ ለመሄድ እስኪያስቸግር ከተናወጠ፣ ወይም ንዝረቱ ለስለስ ብሎም ቢሆን ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ ሰከንድ፣ ከዚያም በላይ ከቀጠለ፣ ሌላ ማረጋገጫ መጠበቅ አያስፈልግም። የቆይታው ርዝመት ከጥንካሬው ያላነሰ ይናገራል፤ ረጅም ንዝረት ማለት የተላቀቀው ስንጥቅ ረጅም ነው ማለት ነውና። አንዳንድ ርዕደ መሬቶች በዝግታ ስለሚላቀቁ ሰው ብዙ ሳይደነግጥ ትልቅ ሱናሚ ያስነሳሉ።

ሁለተኛው ምልክት የባሕሩ መሸሽ ነው። የሞገዱ ዝቅተኛ ክፍል ቀድሞ ከደረሰ ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ይሳባል፤ ወለሉ ይራቆታል፤ ዓሣ በአሸዋ ላይ ይፈራገጣል። በዚህ ጊዜ ዓሣ ለመልቀም ወይም ፎቶግራፍ ለማንሳት ወደ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሱማትራ አጠገብ የተነሳው የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በአሥራ አራት አገሮች ከ220 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ በታይላንድ ፑኬት ደሴት በሚገኝ አንድ የመዝናኛ ዳርቻ ላይ የነበረች የአሥር ዓመት እንግሊዛዊት ተማሪ ባሕሩ አረፋ እየደፈቀ ባልተለመደ ሁኔታ ሲሆን አየች። ከሁለት ሳምንት በፊት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የተማረችው ነገር ነበርና ወላጆቿን ወተወተች፤ ዳርቻው ተለቀቀ፤ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ተረፉ።

ነገር ግን በዚህ ምልክት ላይ ብቻ መተማመን ይጎዳል። ባሕሩ ሁልጊዜ አይሸሽም። የሞገዱ ከፍተኛ ክፍል ቀድሞ ወደሚደርስበት ዳርቻ ውሃው ሳይሸሽ በቀጥታ ይነሳል። በዚያው ቀን ከስንጥቁ በስተ ምሥራቅ ያለችው ታይላንድ መጀመሪያ ያየችው ሽሽቱን ሲሆን፣ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ስሪ ላንካ ቀድሞ የደረሰው ግን ከፍታው ነው። ስለዚህ «ባሕሩ ካልሸሸ ምንም የለም» ማለት ከአንድ አገር ቪዲዮ የተወሰደ ግማሽ እውቀት ነው።

ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ ከባሕሩ በኩል የሚመጣ፣ እንደ ባቡር ወይም እንደ ጄት የሚያጓራ። እሱ ሲሰማ የቀረው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው።

ምላሹ አጭር ነው፦ በእግር፣ ወዲያውኑ፣ ወደ ከፍታ። በተለምዶ የሚመከረው ከባሕር ጠለል ሠላሳ ሜትር ከፍ ማለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ መራቅ ሲሆን፣ ሁለቱም የማይቻል ከሆነ የጠነከረ የኮንክሪት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ መውጣት ነው። መኪና መንገድ ያጨናንቃል። ወንዝ ተከትሎ መሸሽም አደገኛ ነው፤ ሱናሚ በወንዝ አፍ ገብቶ ሽቅብ ይነዳልና። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ ሞገዱ አንድ አለመሆኑ ነው። በአሥር ደቂቃም በአንድ ሰዓትም ልዩነት ተከታታዮች ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ትልቁ ላይሆን ይችላል። ንብረቱን ለማየት የተመለሰ ሰው ታሪክ በየአደጋው ይደገማል።

ሳይረን እንጠብቅ ወይስ እግራችንን እንመን?

በዚህ ላይ ባለሙያዎች የሚያጠብቋቸው ጎኖች ይለያያሉ። አንደኛው ወገን መሣሪያውን ያስቀድማል፦ የርዕደ መሬት መመዝገቢያ፣ በባሕር ወለል ላይ የሚቀመጥ የግፊት መለኪያ፣ በሳተላይት የሚተላለፍ መልእክት። ለሩቅ ሱናሚ ይህ ክርክር የለውም። የሱማትራው ሞገድ የሶማሊያን ጠረፍ የመታው ከሰባት ሰዓት ገደማ በኋላ ነበር፤ በፑንትላንድ የሐፉን አካባቢ ዓሣ አጥማጆችን ጨምሮ ወደ 300 የሚጠጉ ሶማሊያውያን ሞቱ። አንድም ሰው መሞት የማያስፈልገው የጊዜ ርዝመት ነበር። ኬንያ ባለሥልጣኖቿ ከዜና የሰሙትን ይዘው የባሕር ዳርቻዎችን አስለቀቁ፤ የሞተው አንድ ሰው ነው። በእርግጥ ወደዚያ የደረሰው ሞገድ አነስተኛ ነበር፤ የባሕሩ መጠን ዝቅ ባለበት ሰዓት መድረሱም ረድቷል። ሆኖም የልዩነቱ አንድ ክፍል ስልክ ያነሳ ሰው መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ወገን የቅርቡን ሱናሚ ያነሳል። መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ፓሉ ከተማ ሞገዱ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው አገር የአናክ ክራካታው እሳተ ገሞራ ጎን ተደርምሶ ባሕር ውስጥ ሲገባ፣ ሰው የሚሰማው ጠንካራ ንዝረት ስላልቀደመው ከ400 በላይ ሰዎች በሌሊት ተወሰዱ። ጃፓንም ቢሆን በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ በሦስት ደቂቃ አውጥታ ነበር፤ ግምቱ ግን ዝቅ ያለ ነበር። ሦስት ሜትር የተባለላቸው ቦታዎች ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ መጣባቸው። ቁጥር ሰምተው የተረጋጉ ነበሩ።

በዚያው ቀን የሁለት ትምህርት ቤቶች ነገር ተደጋግሞ ይነሳል። በካማይሺ ከተማ ተማሪዎች ማንንም ሳይጠብቁ መሮጥን ተለማምደው ስለነበር ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ልጆች ተረፉ። በኦካዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ልጆቹ ወዴት ይሂዱ በሚል ክርክር ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ግቢ ውስጥ ቆዩ፤ ከኋላቸው ኮረብታ ነበር፤ 74 ተማሪዎች አለቁ።

የኢንዶኔዥያዋ ሲሙሉዌ ደሴት ደግሞ መሣሪያም ሳይረንም አልነበራትም። የነበራት አንድ ቃል ነው፦ ስሞንግ። እ.ኤ.አ. በ1907 ከደረሰ ሱናሚ በኋላ አያቶች ለልጅ ልጆች ሲያወርሱት የኖረ ነው፤ ምድር ከተናወጠች ባሕርም ከሸሸ ወደ ኮረብታ መሮጥ የሚለው መመሪያ በቃሉ ውስጥ አለ። በ1997ቱ አደጋ ከሰባ ሺህ በላይ ከሆነው የደሴቲቱ ሕዝብ የሞቱት ሰባት ሰዎች ገደማ ናቸው። እኛም ሱናሚ የሚለውን ቃል ወርሰናል፤ ግን አብሮት የሚመጣ መመሪያ ሳይኖረው፣ ለብዛትና ለጥፋት ምሳሌ ብቻ እንጠቀምበታለን።

የካምቻትካው ማስጠንቀቂያ ሦስተኛ ጥያቄ ያስነሳል፤ ሚሊዮኖችን አንቀሳቅሶ ትንሽ ሞገድ ሲመጣ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይሰማም የሚል። ስጋቱ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከቺሊ የተነሳው ሱናሚ ከ15 ሰዓት ገደማ በኋላ ሃዋይ ሲደርስ በሂሎ ከተማ ሳይረን ጮኾ ነበር፤ ሆኖም 61 ሰዎች ሞቱ፤ ቀርተው ወይም ተመልሰው የነበሩ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ መፍትሔው ማስጠንቀቂያ መቀነስ አይመስለኝም። በከንቱ ኮረብታ የወጣ ሰው የሚያጣው ግማሽ ቀን ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ሱናሚ ሊያስነሳ ይችላል?

ሐይቆች ሱናሚ አያስነሱም ማለት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በጣሊያን ቫዮንት በተባለ ግድብ ላይ የተራራ ጎን ተንዶ ወደ ውሃው ሲገባ በግድቡ ላይ የዘለለው ሞገድ ወደ ሁለት ሺህ ሰዎች ገደለ። ግን የሐይቅ ሱናሚ የሚያስፈልጉት ነገሮች አሉ፦ ጥልቅ ውሃ፣ ቀጥ ያለ ገደል፣ ድንገተኛ ናዳ ወይም በወለሉ ላይ የሚከሰት ትልቅ መፈናቀል።

ሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ነው፤ ከፍተኛው ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በአማካይ ደግሞ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ዳርቻው በአብዛኛው ሜዳ ነው። ትልቅ ናዳ ቢገባበት እንኳ የሚገፋው ውሃ አነስተኛ ነው። የሐይቅ ሱናሚን ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከሻሸመኔ ወዲያ ወዳለው ሻላ ቢሄድ ይሻለዋል፤ እሱ ከ260 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ገደላማ ዳር አለው፤ ዳርቻው ላይ ግን ትልቅ ከተማ የለም።

ከሱናሚ ጋር የሚምታታ ሌላ ክስተት አለ፤ ሴሽ ይባላል። በሳፋ ውሃ ይዞ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ እርምጃው ከውሃው ውዝዋዜ ጋር ሲገጥም ውሃው በአንድ ጎን ከፍ በሌላው ዝቅ እያለ ይፈስሳል። ሐይቅም እንዲሁ ይወዛወዛል። የሊዝበን ከተማን ያፈረሰው የ1755 ርዕደ መሬት በሩቅ ስኮትላንድ ያሉ ሐይቆችን አወዛውዟል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሐይቅ የራሱ ምት አለው። ሐዋሳን ርዝመቱን 16 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱን 11 ሜትር አድርገን ብናሰላው ውሃው ከጫፍ ጫፍ ደርሶ ለመመለስ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ቅርብ ርዕደ መሬት የሚያናውጠው በሰከንዶች ምት ስለሆነ ሐይቁን በሙሉ ለማወዛወዝ አይመቸውም። ለዚህ የሚመቸው ለሰዓታት ሳያቋርጥ ከአንድ አቅጣጫ የሚነፍስ ነፋስ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን አሞራ ገደል ላይ ውሃው ከትናንቱ ሸሽቶ ቢታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነፋስ ነው፤ በሳምንታትና በወራት የሚታይ ከሆነ ደግሞ ወቅቱ ነው። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣበት መውጫ የለውም፤ ዝናብና ጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጡለታል፤ ፀሐይ ይወስድበታል። ባሕር በደቂቃዎች ውስጥ ሲሸሽ ሩጥ ማለት ነው፤ ሐዋሳ ሲሸሽ የበጋው ሒሳብ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ለማጥመድ የሚወጡ ጀልባዎችን የሚያሰጋቸው ድንገት የሚነሳው ነፋስ እንጂ ሱናሚ አይደለም።

በካሜሩን ኒዮስ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ጋዝ ከ1,700 በላይ ሰዎች መግደሉም አንዳንዴ ይነሳል። ኒዮስ ከ200 ሜትር በላይ የሚጠልቅ፣ የታችኛው ውሃው ከላይኛው ጋር የማይቀላቀል ሐይቅ ነው። ነፋስ ሲነፍስ በቀላሉ የሚደባለቅ ጥልቀት የለሽ ሐይቅ እንዲያ ጋዝ አያከማችም።

ከፓሉ የምንወስደው ሌላው ትምህርት

ሱናሚው ለሐዋሳ የማያሰጋ ከሆነ የሚያሰጋው ምንድን ነው? የፓሉን አደጋ ደግመን እንየው። በፔቶቦና በባላሮዋ ሰፈሮች ብዙ ሰው የሞተው በሞገድ አይደለም። በውሃ የተሞላ አሸዋማ አፈር ሲናወጥ ቅንጣቶቹ መያያዛቸውን ትተው እንደ ፈሳሽ ሆነ፤ ቤቶች ከነመሠረታቸው ሄዱ። ይህ ሊክዊፋክሽን ይባላል። የሐዋሳ ዝቅተኛ ሰፈሮች የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ የተኛባቸው፣ የከርሰ ምድር ውሃውም ቅርብ የሆነባቸው ናቸው። ከተማዋ ራሷ በካልዴራ ውስጥ ናት፤ ካልዴራ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ ተደርምሶ የሚፈጠር ሰፊ ገንዳ ነው። በስተ ሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ምድሩ ሲነፋ በሳተላይት ይታያል። በዚህ ላይ በነሐሴ 1906 እ.ኤ.አ. በላንጋኖ አካባቢ የደረሰውና አዲስ አበባን ያናወጠው፣ በመጠን ከ6.5 በላይ የሆነው ርዕደ መሬት ሲታወስ፣ የሐዋሳ ጥያቄ የውሃ ሳይሆን የአፈርና የብሎኬት መሆኑ ይገባል። ፌሮው ተቆጥቦ፣ ግድግዳው ከምሰሶው ጋር ሳይያያዝ የቆመ ፎቅ ከሐይቁ ይልቅ ያሳስባል።

ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ የተሰማው ርዕደ መሬት መጠኑ 4.3 ገደማ ነበር። ከተማ የሚያፈርስ አልነበረም። ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ግን ነበሩ፤ በድንጋጤ ለመውጣት በተደረገ ሩጫና ግፊያ። የምልክት መምታታት የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ስክሪን ላይ የሚሮጡ ጃፓናውያንን እያየ የኖረ ሰው መሬት ስትንቀጠቀጥ የሚያውቀው ምላሽ ሩጫ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው፣ የሚያድነው ንዝረቱ እስኪያልፍ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ዝቅ ብሎ ራስን መሸፈን፣ ከመስታወትና ከቁም ሣጥን መራቅ፣ ካለፈ በኋላ በደረጃ ወርዶ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ ሜዳ ላይ መቆም ነው። ባሕር ዳር ያለ ሰውም ንዝረቱ ላይ እያለ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ንዝረቱ ሲቆም ነው። እሱ ይሮጣል፤ የሐዋሳው ይቆማል።

ወደብ ለሌለው አገር ይህ ሁሉ ለምን?

የትምህርት ጊዜ ውስን በሆነበት አገር ተማሪን ስለ ባሕር ምልክት ማስተማር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ክብደት ያለው ክርክር ነው፤ ናዳና ድርቅ በየዓመቱ ሰው እየገደሉ። ግን የሚያስፈልገው አንድ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ተማሪዋ ፑኬት ላይ የተጠቀመችበትም ከዚያ አይበልጥም ነበር። ደግሞም የእኛ ሰው ባሕር ዳር አለ። በጅቡቲ ወደብ ይሠራል፣ በመርከብ ላይ ያገለግላል፣ ከኦቦክ ዳርቻ ጀልባ ይጠብቃል፣ በኦማኗ ሙስካትና በኤምሬትሷ ፉጃይራ ቤቶች ውስጥ ይቀጠራል። ከኢራንና ከፓኪስታን ጠረፍ ወዲህ ያለው የማክራን ስንጥቅ ኅዳር 1945 እ.ኤ.አ. በመጠን 8.1 ተላቅቆ ሱናሚ አስነስቷል። ከዚያ የሚነሳ ሞገድ የኦማንን ጠረፍ ለመምታት ከአንድ ሰዓት በታች ይበቃዋል።

ኦማን በሙስካት የማስጠንቀቂያ ማዕከል አላት። ማስጠንቀቂያው ቤት ውስጥ ለምትሠራ፣ ስልኳ ለተወሰደባት፣ ዓረብኛ ለማታነብ ልጅ መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሚሄዱ ሠራተኞች ከጉዞ በፊት የሚሰጠው ሥልጠና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽንና ስለ ውል ያስተምራል። እዚያ ላይ አንድ ገጽ መጨመር ይቻላል፦ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ከተናወጠ፣ ባሕሩም ቅርብ ከሆነ፣ ማንንም ሳትጠብቂ ወደ ላይ ውጪ፤ «አልፏል» እስኪባል ለሰዓታት እዚያው ቆዪ።